በሁለት የበቆሎ መስመሮች መካከል ምን ያልፋል?

የአሮጌው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር። ለገሃር አካባቢ ያደጋችሁ በሁለቱ ብረቶች መካከል መሄድ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ለሁለት ይጠባል። ከዚያ ስፋት ላይ አንድ ስንዝር ከምናምን ስትቀንሱ 75 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። በቆሎ በመስመር ሲዘራ በመስመርና በመስመር መካከል እንዲተው የሚመከረው ርቀት ይኸው ነው። በአንድ ሄክታር የበቆሎ ማሳ ውስጥ ያሉትን እነዚህን ክፍተቶች ጫፍ ለጫፍ ብትቀጥሏቸው ከ13 ኪሎ ሜትር ይበልጣሉ።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ወዲያው የሚያነሳው ጥያቄ አለ። በቆሎው እስኪያድግ ድረስ ያ ሁሉ መሬት ለምን ሥራ ይፈታል? መሃሉ ላይ ሌላ ነገር ቢዘራበትስ? ጥያቄው ጥሩ ነው፤ አሰባጥሮ መዝራት የሚባለውም ይኸው ነው። እኔን የሚያስቸግረኝ መልሱ ነው። መልሶቹ ሁሉ፣ ከማኅበራዊ ሚዲያ ዝርዝር እስከ ምርምር ዘገባ ድረስ፣ የሚነሱት «መሃሉ ባዶ ነው» ከሚል ግምት ነው። ባዶ ግን አይደለም። በዚያ ክፍተት ብርሃን ይወርዳል፣ ውሃ ይሰርጋል፣ ሥር ይዘረጋል፣ በሬ ያልፋል፣ ለከብት የሚታጨድ አረም ይበቅላል። አዲስ ሰብል ስናስገባ ከእነዚህ አንዱን እናፈናቅላለን። የትኛውን እንደምናፈናቅል ሳናውቅ «ምን ልዝራ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ሳያዩ እንደ ማከራየት ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። በስልካችሁ የሚዘዋወረውን ዝርዝር ሳታዩት አትቀሩም። በአንድ በኩል «ወዳጆች»፣ በሌላ በኩል «ጠላቶች»፦ በቆሎ ቦሎቄን ይወዳል፣ ቦሎቄ ሽንኩርትን ይጠላል፣ ቲማቲም ከበሶብላ ጋር ይስማማል። አብዛኛው ከአውሮፓና ከአሜሪካ የጓሮ አትክልት ልማድ የመጣ ነው፤ በሙከራ የተፈተነውም ጥቂቱ ብቻ ነው። ዕፅዋት አይዋደዱም፣ አይጣሉምም። ብርሃን፣ ውሃና ማዕድን ይሻማሉ፤ ወይም በተለያየ ጊዜና በተለያየ ጥልቀት ስለሚወስዱ ሳይነካኩ ያልፋሉ።

የዚህ ዝርዝር ትልቁ ምሳሌ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች «ሦስቱ እህትማማቾች» የሚሏቸው በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ ናቸው። ቦሎቄው በበቆሎው አገዳ ላይ ይወጣል፣ ዱባው መሬቱን ይሸፍናል። ያማረ አሠራር ነው። ግን ልብ በሉ፦ እዚያ ያለው ቦሎቄ ሐረጋም ነው፤ በቆሎውም የሚተከለው በተራራቁ ጉብታዎች ላይ ነው። በእኛ ስምጥ ሸለቆ በብዛት የሚዘራው ደግሞ ቁጥቋጦ መሰል አጭር ቦሎቄ ነው፤ የትም አይወጣም። ስሙ አንድ፣ አቋሙ ሌላ። ዝርዝሩ ላይ ሁለቱም «ቦሎቄ» ተብለው ይጻፋሉ።

ሁለተኛው በጣም የተለመደ አባባል «ቦሎቄ ለበቆሎ ናይትሮጅን ይሰጣል» የሚለው ነው። የቦሎቄ ሥር ላይ የሚኖሩት ራይዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ይይዛሉ፤ ይህ እውነት ነው። የተያዘው ናይትሮጅን ግን በዚያው ወቅት አብዛኛው የሚገባው ወደ ቦሎቄው የራሱ ፍሬ ነው። በቆሎው ጋ የሚደርሰው ትንሽ ነው። እንደውም ቦሎቄ ከጥራጥሬዎች መካከል ናይትሮጅን በመያዝ ደካማ ከሚባሉት ወገን ነው።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ሁለት ሰዎች አንድ ትሪ ላይ ቀረቡ እንበል። አንደኛው ከቤቱ ምሳውን ቋጥሮ መጥቷል። ይህ ሰው እናንተን እያጎረሳችሁ አይደለም፤ ከትሪው የሚያነሳው ግን ትንሽ ነው። ቦሎቄ ለበቆሎ የሚያደርገው ውለታ በአብዛኛው ይህን ነው። የሚቀጥለው ዓመት ሰብልም ከቦሎቄው ሥርና ቅጠል ብስባሽ ይጠቀማል ይባላል፤ መጽሐፉ እንደዚያ ይላል። በእኛ አገር ግን ቦሎቄ ሲደርስ ከነሥሩ ተነቅሎ ወደ አውድማ ይሄዳል፣ ገለባው ለከብት ይሆናል። ናይትሮጅኑም ከማሳው ወጥቶ ሄደ ማለት ነው። እበቱ ወደ ማሳው ካልተመለሰ (ብዙ ቦታ ደግሞ ኩበት ሆኖ ይነዳል) «መሬቱን ያለማል» የሚለው ተስፋ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ብርሃንን በተመለከተ ደግሞ በተቃራኒው የእኛ ዕድል ከሚነገረው ይሻላል። እስቲ እናስላው። ለገሃርም ሆነ ሐረር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ ቀኑ እኩል ሲሆን ከአናታችን በ14 ዲግሪ ገደማ ብቻ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። 2 ሜትር ቁመት ያለው በቆሎ በዚያ ሰዓት የሚጥለው ጥላ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ያው በቆሎ የግብርና ዩኒቨርሲቲዋ ቫኽኒንገን ባለችበት በሆላንድ ቢሆን፣ 52 ዲግሪ ላይ፣ በዚያው ቀን ከ1 ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል። መስመሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከተዘረጋ ደግሞ የእኛ የቀትር ጥላ የሚወድቀው በራሱ መስመር ላይ ነው፤ መሃሉ ፀሐይ ይሞቃል። በርግጥ የክረምት ሰማይ ደመና ነው፤ ያኔ ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ የመስመሩ አቅጣጫ ትርጉሙ ይቀንሳል። ቅጠሎቹ ሲገናኙም መሃሉ ይጨልማል። ያም ሆኖ በብርሃን ረገድ ሰሜን አውሮፓ ላይ የተሠራ የጥላ ሒሳብ ለእኛ እንዳለ አይሠራም። በመስመር ስለመዝራት የሚያወሩ መመሪያዎች የመስመሩን ስፋት በሳንቲ ሜትር ሲነግሩን፣ አቅጣጫውን ብዙ ጊዜ ዝም ይሉታል። ለምን? ኮምፓስ እንኳን አያስፈልግም፤ ፀሐይ መውጫን ማወቅ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ተመራማሪዎች «ይህ ሰብል ከዚያኛው ጋር ይሄዳል» የሚሉት በምን ሚዛን መዝነው ነው? በአብዛኛው በአንድ ቁጥር ነው። ሚድ እና ዊሊ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጽሑፍ ያብራሩት ይህ ቁጥር በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤል-ኢ-አር ይባላል፤ እኛ «የመሬት አቻ ምጣኔ» እንበለው። አሠራሩ ቀላል ነው። ለማስላት እንዲመች ቁጥሮቹን እኔ ልምረጥ። በቆሎ ለብቻው በሄክታር 50 ኩንታል፣ ቦሎቄ ለብቻው 20 ኩንታል ይሰጣል እንበል። ተሰባጥረው ሲዘሩ በቆሎው 42፣ ቦሎቄው 8 ኩንታል ሰጡ። 42 ለ50 ሲካፈል 0.84፣ 8 ለ20 ሲካፈል 0.40፤ ድምሩ 1.24። ከ1 በላይ ሆነ፣ አተረፍን! ትርጉሙም ይህን ያህል በቆሎና ቦሎቄ ለየብቻ ለማምረት 1.24 ሄክታር ያስፈልገን ነበር ማለት ነው።

ስሌቱ ላይ ስህተት የለም። ችግሩ ቁጥሩ የሚመልሰው ጥያቄ ገበሬው የጠየቀውን አለመሆኑ ነው። ኤል-ኢ-አር የሚነጻጸረው ማሳውን ለሁለት ከፍሎ፣ ሁለቱንም ሰብል ለየብቻ ሊዘራ ካሰበ ሰው ጋር ነው። ሁሉንም በቆሎ ሊዘራ ያሰበ ሰው ግን 8 ኩንታል በቆሎ ሰጥቶ 8 ኩንታል ቦሎቄ ወሰደ። ቦሎቄ ብዙ ጊዜ ከበቆሎ ስለሚወደድ ገበያ ላይ አትርፎ ይሆናል። ቤቱ ውስጥ የሚበላው በቆሎ የሚያልቅበት ሰው ከሆነ ግን ያ 8 ኩንታል የወራት ምግብ ነው። ቁጥሩ ሁለቱን ቤቶች አይለይም።

ይህ የእኔ ብቻ ሐሜት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የታተመ ጥናት ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ የማሳ ሙከራዎችን አንድ ላይ አድርጎ፣ ስብጥሩን ከሁለቱ ሰብሎች አማካይ ጋር ሳይሆን ከሁሉ የበለጠ ምርት ከሚሰጠው ነጠላ ሰብል ጋር አነጻጸረው። የእህሉ መጠን በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። በፕሮቲን ሲመዘን ግን፣ በተለይ በቆሎ ከጥራጥሬ ጋር ሲሰባጠር፣ ስብጥሩ እኩል ወይም የተሻለ ነበር። ያው ማሳ፣ ያው ሰብል፤ ሚዛኑ ሲቀየር ፍርዱ ተቀየረ።

ሌላም አለ፤ ጊዜ። በቆሎው ማሳው ላይ 150 ቀን፣ ቦሎቄው 90 ቀን ቆየ እንበል። ለብቻው የተዘራ ቦሎቄ በ90 ቀኑ ማሳውን ይለቃል፤ በቀሪው እርጥበት ሽምብራ ሊዘራበት ይችላል። ኤል-ኢ-አር ይህን አያይም። ሂብሽ እና ማኮለም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ጊዜን የሚያስገባ ሌላ ስሌት አቀረቡ፤ በዚያ ስሌት የእኛ 1.24 ወደ 1.08 ይወርዳል። 24 በመቶ የነበረው ትርፍ 8 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ይህኛውም ፍጹም አይደለም። ዝናቡ አንዴ ብቻ የሚመጣበት አካባቢ ቦሎቄ የለቀቀው ማሳ ባዶውን ስለሚከርም፣ ስሌቱ ስብጥሩን ያለ ጥፋቱ ይቀጣዋል። ስለዚህ አንድ ሙከራ የተሠራበትን የዝናብ ሁኔታ ሳትጠይቁ የትኛውንም ቁጥር አትመኑ።

እስካሁን ያነሳሁት ሁሉ መጽሐፍ ላይ ያለ ክርክር ነው። አሁን የምለው ግን ብዙ ጊዜ ከሠንጠረዡ ውጭ ይቀራል፤ እሱም ሽልሻሎ ነው። ከተማ ላደጋችሁ ላስረዳ። በቆሎ ወይም ማሽላ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ ገበሬው ጥማድ በሬውን ይዞ ይመለስና በቡቃያው መሃል በማረሻ ያልፋል። በአንድ ማለፍ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ አረሙ ይገለበጣል፣ የደረቀው የአፈር ቅርፊት ይሰበራል፣ ቦይ ስለሚወጣ ዝናቡ እዚያው ይሰርጋል፣ የበዛው ቡቃያም ይሳሳል። ዝናብ በሚያጥርበት በስምጥ ሸለቆ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ከውሃ አያያዝ ዘዴዎች አንዱ ነው።

አሁን በዚያ 75 ሳንቲ ሜትር መሃል ላይ፣ ከበቆሎው ጋር በአንድ ቀን፣ ቦሎቄ ዝሩ። በሬዎቹ በየት ይለፉ? ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ጎን ለጎን ስለሚሄዱ የሚረግጡትም ከአንድ መስመር በላይ ነው። ሽልሻሎው ቀረ ማለት ነው። በእጅ መኮትኮት ይመጣል፤ ያ ደግሞ የቤተሰቡ ጉልበት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሴቶችና የልጆች። ስለዚህ «ትክክለኛው ጓደኛ ሰብል የትኛው ነው?» ከሚለው በፊት የሚመጣው «በሬው ያልፋል ወይ?» የሚለው ነው። በሬው የሚያልፍ ከሆነ ያሉት አማራጮች ጥቂት ናቸው። ቦሎቄውን በራሱ በበቆሎው መስመር ውስጥ፣ በግንድና በግንድ መካከል መዝራት አንዱ ነው። ወይም ሽልሻሎው ካለፈ በኋላ መዝራት፤ ያኔ ግን ቦሎቄው በጥላ ሥር ስለሚጀምር ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ካልሆነ ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል። ወይም ሁለት የበቆሎ መስመሮችን አቀራርቦ ቀጣዩን ክፍተት ማስፋት። እንደ ዱባ ያለ የሚሳብ ነገር ግን በሽልሻሎ አገር ለማሳው ዳር እንጂ ለመሃሉ አይሆንም። ይህ ምርጫ የዕፅዋት ሳይንስ ብቻ አይደለም፣ የመሣሪያ ስፋት ጉዳይም ነው። እኛ በምህንድስና አንድ ዕቃ ስንነድፍ መጀመሪያ «ለጥገና እጅ ይገባል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ማሳም እንደዚያው ነው።

ይህንን ነገር ከማንም በላይ ያሰቡበት የሚመስሉኝ የሐረርጌ ደጋማ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው። ያ የለገሃር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ድሬዳዋ ወርዳችሁ የደንገጎን ዳገት ብትወጡ፣ ከሐሮማያ እስከ አወዳይ ድረስ መንገዱን ግራና ቀኝ የሚያጅበው የጫት መስመር ነው። ጫቱ በሰፊ ርቀት ተተክሎ መሃሉ ላይ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ስኳር ድንች ይዘራል። መሬቱ ጠባብ ስለሆነና ተራራማ ስለሆነ ብዙው ሥራ በእጅ ነው፤ በሬ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ መሃሉ ሊጠቀጠቅ ይችላል።

ደግሞ አጠቃቀሙን እዩት። ማሽላና በቆሎው ከሚያስፈልገው በላይ ተጠጋግቶ ይዘራል። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ እየሳሳ፣ የታችኛው ቅጠሉም እየተለቀመ ለሚደልብ በሬ ይሰጣል። የሐረር ሰንጋ የሚባለው እንዲሁ በእጅ እየተመገበ የሚደልብ ከብት ነው። እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አስቡ፦ ገበሬው ቡቃያ ባሳሳና ቅጠል በለቀመ ቁጥር ከታች ላለው ቦሎቄ መስኮት እየከፈተለት ነው። ብርሃኑን እንደ መጋረጃ ያስተካክለዋል። የኛ የሙከራ ማሳ ላይ ደግሞ የተዘራው ሰብል ቁጥር እስከ አጨዳ እንዳይነካ ይደረጋል፤ መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው ፍሬው ነው። በሬው የበላው መኖ ሠንጠረዡ ውስጥ ዜሮ ነው! አንድ ሞተር ውጤታማ ነው አይደለም የሚባለው ምን ገባ፣ ምን ወጣ ብለን ወሰኑን የት እንዳሰመርን ከተናገርን በኋላ ነው። ወሰኑን ፍሬው ላይ ካሰመርነው የሐረርጌ ማሳ ተራ ይመስላል። በሬውን ጨምረን ካሰመርነው ሌላ ታሪክ ነው።

ይህን ስል ሐረርጌን ገነት እያደረግሁት አይደለም። ጫት ላይ ፀረ ተባይ እንደሚረጭ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ከጫቱ ሥር ያለው ቦሎቄ ወይም ለከብት የሚለቀመው የማሽላ ቅጠል የዚያን ርጭት ድርሻ ያገኛል። ጓደኛ ሰብል ሲመረጥ ጎረቤቱ ላይ ምን እንደሚረጭም መጠየቅ ግድ ነው፤ ይህንን ጥያቄ ከ«ወዳጅና ጠላት» ዝርዝሮች በአንዱም ላይ አላየሁትም።

የማይበላ ጓደኛ ሰብልም አለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የሆነው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ አይሲፔ፣ ከእንግሊዙ ሮታምስቴድ ጋር ሆኖ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስፋፋው «የመግፋትና የመሳብ» ዘዴ በበቆሎ መስመሮች መካከል ዴስሞዲየም የተባለ የመኖ ተክል፣ በማሳው ዙሪያ ደግሞ የዝሆን ሣር ወይም ብራኪያሪያ ያስተክላል። ዴስሞዲየሙ በሽታው የአገዳ ቆርቁር እሳት እራትን ይገፋል፣ ሣሩ ይስባል ተባለ። በሥሩ በሚለቀው ኬሚካል አቀንጭራን ያለ ጊዜው አብቅሎ እንደሚገድል በደንብ ተመርምሯል። መጤው ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ዘዴው እንደገና ተፈላጊ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ኢላይፍ በተባለው መጽሔት አንድ ቡድን ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። ዴስሞዲየም ማሳ ላይ የታሰበውን ያህል የሚገፋ ሽታ አልተገኘበትም፤ እሳት እራቶቹም በሽታው ሲባረሩ አልታዩም። ይልቅ ቅጠሉና ግንዱ ላይ ያሉት ጥቃቅን መንጠቆ መሰል ፀጉሮች እጮቹን እየያዙ፣ እያቆሰሉ ይገድሏቸዋል። «ታዲያ ምን ለውጥ አለው፣ ተባዩ እስከቀነሰ ድረስ?» ትሉ ይሆናል። ለውጡ ምርጫው ላይ ነው። የሚሠራው ሽታው ከሆነ ተክሉ በአቅራቢያው መኖሩ ይበቃል። የሚሠራው ፀጉሩ ከሆነ ግን እጩ ከግንድ ወደ ግንድ ሲሄድ የሚረግጠው ቦታ ላይ፣ ልክ መስመሮቹ መሃል፣ ጥቅጥቅ ብሎ መገኘት አለበት። ምትክ ስንፈልግም የምናሸተው ቀርቶ የምንዳስሰው ፀጉሩን ይሆናል። ምክንያቱን ሳያውቁ ውጤቱን ብቻ መቅዳት እዚህ ጋ ነው የሚጎዳው። ላይ ደግሞ የኛው ችግር አለ፦ ዴስሞዲየም ዓመታትን የሚቆይ ተክል ነው፣ በእኛ ብዙ አካባቢ ግን እህል እንደተነሳ ማሳው ለልቅ ግጦሽ ይከፈታል። የጎረቤት ከብት የማይጠይቀውን ተክል መምረጥ አይቻልም፤ ወይ አጥር ወይ የመንደር ስምምነት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሰፊ መስመር ትንሽ ወጣ ቢልም። በአማራ ክልል «ዋሴራ»፣ በትግራይ «ሐንፈጽ» የሚባል የገብስና የስንዴ ቅይጥ አለ፤ ተቀላቅሎ ይዘራል፣ ተቀላቅሎ ይታጨዳል፣ ተቀላቅሎ ይበላል። ዝናቡ ካጠረ ገብሱ ይደርሳል፣ ከሰመረ ስንዴውም ይመጣል። በጤፍ ማሳ ውስጥ ሱፍ ወይም ጎመን ዘር ጣል ማድረግም የቆየ ልማድ ነው። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ «በመስመር ዝሩ» የሚለው ዘመቻ ሲመጣ ለዘር ቁጠባና ለአረም ጥሩ ነገር ይዞ መጥቷል፣ ጉልበት መብላቱ እንዳለ ሆኖ። ግን ቅይጥን እንደ ዝርክርክነት የማየት ስሜትም አብሮ መጣ። መስመር የአንድ ሰብል ርስት ነው ያለው ማነው?

አሁን እናንተ ልትሞክሩት የምትችሉት ነገር። በአዲስ አበባ ከፍታ ቦሎቄ ብርድ ይከብደዋል፤ ባቄላ ግን ቤቱ ነው፤ በቆሎም በክረምት በየጓሮው ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2007 በቻይና ጋንሱ የተሠራ ሥራ ፎስፈረስ ባነሰው አፈር ላይ የባቄላ ሥር የሚለቀው አሲድ የታሰረውን ፎስፈረስ እንደሚያሟሟና አጠገቡ ያለው በቆሎም እንደሚጠቀም አሳይቷል፤ የበቆሎው ምርት በ43 በመቶ፣ የባቄላው በ26 በመቶ ጨምሮ ነበር። ይህ እንደ ናይትሮጅኑ ወሬ ሳይሆን በዚያው ወቅት የሚታይ እውነተኛ ውለታ ነው። የእኛ ቀይ የደጋ አፈርም ፎስፈረስ በማሰር የታወቀ ነው።

ትምህርት ቤታችሁ ግቢ ውስጥ 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆኑ ሦስት መደቦች ካገኛችሁ፣ እያንዳንዱ አራት የበቆሎ መስመር ይይዛል። አንዱን በቆሎ ብቻ፣ አንዱን ባቄላ ብቻ፣ ሦስተኛውን ሁለቱንም ዝሩ። መስመሩን ከሰሜን ወደ ደቡብ ዘርጉት። ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ አትጨምሩ፤ የባቄላው ሥር ሥራውን ያሳይ። ስትሰበስቡ ፍሬውን ለብቻ፣ አገዳና ገለባውን ለብቻ መዝኑ። በመሃል ለማሳሳት የነቀላችሁትን ቡቃያ ከመጣላችሁ በፊት መዝኑት። አረሙንም እንዲሁ፤ ለመኮትኮት የወሰደባችሁን ደቂቃም ከጎኑ ጻፉ።